በሚስቱ እጅ ይሁን

ባለቤቴ ሲጫወት ተደብቆ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ቁማርተኛ ሲባል ጨለማ ቤት፣ የሲጋራ ጭስና ካርታ ስለሚታየው ነው። የእኔ ባል የሚጫወተው ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ካለው ቤታችን ሳሎን፣ ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ሻዩን እየጠጣ በስልኩ ነበር። «ምን እያደረግክ ነው?» ስለው «ኳስ ላይ ነኝ» ይለኛል። ቆጣ ካልኩ ደግሞ አንድ መልስ አለችው፤ «በሕግ የተፈቀደ ነው።» በዚህ ላይ ልከራከረው አልችልም ነበር፤ እውነቱን ነውና።

ኮሎራዶ፣ ይህ ያለንበት ስቴት፣ እንደ እሱ ላለ ሰው ይመቻል። ካዚኖ የተፈቀደው ተራራ ላይ ባሉ ጥቂት የድሮ የወርቅ ማውጫ ከተሞች ብቻ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ቢያንስ መኪና ማስነሳት ያስፈልጋል። ሎተሪ በየነዳጅ ማደያው ይሸጣል። የስፖርት ውርርድ ግን ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላውና ከስቴቱ ድንበር ያልወጣ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ መወራረድ ይችላል። ሕጉን ያመጣነውም እኛው ነን። የምርጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣልን ሁለታችንም ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አነበብነው። ስለ ግብር ያወራል፣ ስለ ውርርድ ያወራል፣ ገንዘቡ ለውሃ እንደሚውል ይናገራል። በዚህ ደረቅ አገር ውሃን ማን ይጠላል? «አዎ» የሚለውን አጥቁረን ላክን።

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በዚያ የወረርሽኝ ጸደይ ነበር። ስታዲየም ሁሉ ተዘግቶ፣ ኳስ የሚባል ነገር ጠፍቶ ሳለ ውርርዱ ተከፈተ። ሰዉ በምን ይወራረድ? በሩሲያ የጠረጴዛ ቴኒስ! ባለቤቴ የኤርፖርት ሾፌር ነው፤ አውሮፕላን ስለቆመ ሥራም አልነበረውም። ቀኑን ሙሉ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ትንሽ ኳስ ሲያላጉ ያያል። የአንዳቸውንም ስም በትክክል መጥራት አይችልም፤ ነገር ግን አንዱ ሲስት «ወይኔ ልጄን!» እያለ ጭኑን ይመታል። እኔና ልጃችን በሳቅ እንሞት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው፤ እኛ ስንስቅ እሱ እየሄደ ነበር።

ኤርፖርቱ ሲከፈት ያበቃል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ስለወጣ ሾፌሮቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ሰፊ ፓርኪንግ ይዤለት ሄድኩ። ያን ቦታ በጩኸቱ ነበር የማውቀው። የኛ አገር ሾፌሮች በመኪናቸው ኮፈን ዙሪያ ተሰብስበው ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ዝም ብሏል። ሁሉም በየመኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ምሳውን በመስኮት ሳቀብለው ቀና ብሎ አላየኝም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ለማን እንዳለው እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነገሩን ወደ ሽማግሌ የወሰድኩት ግን በዚህ አይደለም። የቤት ክፍያ መዘግየት ጀምሮ ነበር፤ በሱም አይደለም። አንዲት ልጃችን ሃይ ስኩል የተመረቀች ቀን ነው። ወላጆች ሁሉ መቀመጫ ይዘን፣ የተማሪዎቹ ስም በተራ እየተጠራ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን በምርቃቱ ፕሮግራም ወረቀት ሸፍኖ ያያል። የልጄ ስም ሊጠራ ሁለት ተማሪ ሲቀር ብድግ ብሎ ጮኸ፤ እጁን አወናጨፈ። ጎል ገብቷል ማለት ነው። አካባቢያችን የነበሩት ፈረንጆች ለልጁ የተደሰተ መስሏቸው አብረውት አጨበጨቡ። የሷ ስም ሲጠራ እሱ ተቀምጦ ነበር። ልጄ መድረኩ ላይ ሆና ወደ እኛ አየች፤ አባቷ ለምን እንደጮኸና ለምን ዝም እንዳለ ገብቷታል። እኔ በእጄም በአፌም ለሁለታችን ጮህኩላት።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ባሌ ከዚህ ነገር እንዲወጣና ልጄ በመካከላችን እንዳትጎዳ። ፍቺ አላሰብኩም። ክፉ ሰው አይደለም፤ መቶኝ አያውቅም፣ አይጠጣም፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ሾርባ የሚሠራልኝ እሱ ነው። ስለዚህ በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ላክሁበት።

ሦስት ሆነው ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ትልቁን ሽማግሌ ዴንቨር ያለን አበሾች ሁሉ ጋሼ ነው የምንላቸው። መሀል ከተማ ፓርኪንግ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስንቱን ትዳር ከፍርድ ቤት ደጃፍ የመለሱ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የባለቤቴ የቅርብ ዘመድ ነው። ሦስተኛው ከወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመጡ ጎረቤታችን፣ ቁጥብና ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። እኛ ኦርቶዶክሶች ብንሆንም ሐቀኝነታቸውን ስለምወድ እኔ ነኝ የለመንኳቸው።

እኔ አቤቱታዬን አቀረብኩ። ባለቤቴ በትህትና አዳመጠና መልስ ሲሰጥ እንደ ጠበቃ ተናገረ። የሰረቀው ነገር የለም፤ የሚጫወተው በራሱ ስም፣ ስቴቱ ፈቃድ በሰጠው ቦታ ነው።

«መንግሥት ያውቀዋል?» አሉ ጋሼ።

«በደንብ እንጂ! ግብር ይቆርጥበታል። ግብሩም ለውሃ ነው የሚውለው።»

«ለምን?»

«ለውሃ ጋሼ። ለወንዝ፣ ለማጠራቀሚያ፣ ለገበሬ።»

ጋሼ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ለውሃ ከሆነስ...» ብለው ሳይጨርሱ ተዉት። እኔ ሳቄ መጣ፤ ደሜም ፈላ።

ጎረቤታችን ናቸው ቀጥ ያለ ነገር የተናገሩት። «ሕግ ፈቀደ ማለት ጠቀመ ማለት አይደለም» አሉ። «ይህ ሰው ታሟል። መቀነስ አይደለም፣ ከነጭራሹ ይተው። ካልቻለም እርዳታ ወዳለበት ይሂድ።» ታሟል ሲሉ ባለቤቴ አንገቱን ሰበረ። ጉዱ ታዲያ የተቀየምኳቸው እኔ ነኝ። ባሌን እንዲመክሩልኝ ጠራሁ እንጂ በሰው ፊት እንዲያዋርዱልኝ አልጠራሁም አልኩ በሆዴ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽምግልና መሀል መፈለግ ነው፤ አንዱን ወገን አሸናፊ፣ ሌላውን ተሸናፊ አድርጎ መሄድ አይደለም። የእሳቸው ሐሳብ መሀል የለውም።

መሀሉን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ከብዙ ዘመን በፊት ደሞዙን ሁሉ በመጠጥ የሚጨርስ ሰው ገጥሟቸው እንደነበር አጫወቱን። ያኔ የፈረዱት ደሞዙ በቀጥታ ሚስቱ እጅ እንዲገባ ነው፤ ሰውየው ለአንድ ቢራ እንኳ እሷን መለመን ስላለበት ጊዜ ሲሄድ ልመናው ሰለቸውና መጠጡን ተወ። «ይህም እንደዚያው ነው» አሉ። «አንተ በራስህ እጅ አትነካውም። መጫወቻው በሚስትህ ስም፣ በሚስትህ ስልክ፣ በሚስትህ እጅ ይሁን። ስትፈልግ ትነግራታለህ። ከፈቀደች ትጫወትልሃለች፤ ካልፈቀደች በቃ። የሚያዘውም የሚከለክለውም እሷ ናት። ተስማማህ?»

«ተስማምቻለሁ።»

«ልጄ፣ አንቺስ?»

ምን እላለሁ? ቁልፉን ሰጡኝ እኮ! ዘውድ የተጫነልኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ጎረቤታችን ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነስተን የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳምን፣ እነሱም መረቁን። ጋሼ ባለቤቴን ቃል አስገቡት፤ «በእጅህ ብትነካ የኛ ቃል ያግኝህ» አሉት። ባለቤቴ ብዙ ነገር የማይፈራ ሰው ቢሆንም የሽማግሌ እርግማን ይፈራል። የእናቱ ወንድም ሽማግሌ አሳፍሮ ምን እንደደረሰበት ሁልጊዜ ያወራልኛል። ስለዚህ ቃሉን እንደሚጠብቅ አልተጠራጠርኩም። ጠበቀም፤ መከራዬ የመጣው ቃሉን ጠብቆ ነው።

በማግስቱ የራሱን አካውንት ዘጋና የእኔን ከፈተልኝ። መንጃ ፈቃዴን ፎቶ አነሳ፣ ስልኩን ፊት ለፊቴ ይዞ «ወደ ግራ ዙሪ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ» አለኝ። አካውንቱ በየጊዜው ፊቴን ካላየ አይከፈትም። ሎተሪ እንኳ ቆርጬ የማላውቅ ሴት በኮሎራዶ ሕግ የታወቅሁ ተወራራጅ ሆንኩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። «ዛሬ አንድ ጥሩ ጨዋታ አለ» ሲለኝ «አይሆንም» እለዋለሁ። ያች «አይሆንም» ማር ማር ትለኝ ነበር። እሱም እንደ ልጅ ያኮርፍና ይተወዋል። ጋሼን በቤተ ክርስቲያን ሳገኛቸው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሰላም ነው» አልኳቸው። ቀስ እያለ ግን ማስረዳት ጀመረ። ይህ ቡድን አጥቂው ተጎድቷል፣ ያኛው በሜዳው አይሸነፍም፣ ከቁጥሩ ፊት ያለች ይህች የመደመር ምልክት ብዙ ታመጣለች፣ ያቺ የመቀነስ ምልክት አስተማማኝ ናት። ላለመፍቀድ መረዳት ያስፈልጋል ብዬ አዳመጥኩት። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ የማላውቅ ሴትዮ፣ በስንት ጎል ልዩነት ይሸነፋል በሚለው ላይ ሐሳብ መስጠት ጀመርኩ!

ከዚያ ሥራ ቦታዬ መደወል መጣ። ሊትልተን በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። አንድ ከሰዓት አንዲት እናትን ገላቸውን እያጠብኩ ስልኬ ደጋግሞ ጠራ። እጄ ላይ ጓንት አለ፤ ሴትየዋን በሌላው እጄ ደግፌያለሁ። እሳቸውን ጥዬ ስልክ ላነሳ ነው? ተውኩት። ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱ የገመተው ውጤት አንድም ሳይሳሳት ደርሷል።

«አንቺ ነሽ ያስበላሽኝ» አለኝ።

«ሰው እያጠብኩ ነበር።»

«አንዴ ፊትሽን ማሳየት ነው እኮ የሚጠበቅብሽ።»

ለብዙ ቀን አላናገረኝም። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ከባድ ሆነ። እሺ ብዬ ከተበላ ዕድል ነው፤ እምቢ ብዬ ሊያሸንፍ ከነበረ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲደወልልኝ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እየገባሁ ስልኩን ፊቴ ላይ እይዛለሁ፤ ያለኝን እነካለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በፊት አንድ ተጫዋች ነበር በቤታችን፤ አሁን ጨዋታው ሳያልቅ እንቅልፍ የማይወስደን ሁለት ሆንን።

ነገሩን የደረሰችበት ልጃችን ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ለእረፍት መጥታ፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ ስልኬን ማሰሮው አጠገብ አስደግፌ ስመለከት ከኋላዬ ቆመች።

«ማሚ፣ አር ዩ ቤቲንግ? አንቺም ትወራረጃለሽ?»

አስረዳኋት። ስለ ሽማግሌዎቹ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ ስልኬን ተቀበለችኝና ማንበብ ጀመረች። እነዚያን ረጃጅም ደንቦች የሚያነብ ሰው በዘመዶቼ መካከል እሷ ብቻ ናት።

«ማሚ፣ ኢትስ ኢሊጋል። በራስሽ አካውንት ለሌላ ሰው መወራረድ አይቻልም። ዳዲ ራሱ ሲያደርገው ሊጋል ነበር። አንቺ ለሱ ስታደርጊው አይደለም።»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው እኮ የወሰኑት።»

«ሽማግሌዎቹ ሎየር ናቸው?»

በእሱ እጅ ሳለ ሕጋዊ የነበረ ነገር፣ ትዳሬን ላድን ብዬ በእጄ ስይዘው ሕገወጥ ሆኗል። የዚህ አገር ሕግ በጣም ግልጽ ነው፤ ሰው ራሱ ይጫወት፣ ራሱ ይበላ፣ ራሱ ይጥፋ ይላል። የኛ ሽምግልና ደግሞ ሰውን ለብቻው አይተወውም፤ የአንዱን ሸክም ለሌላው ያካፍላል። ሁለቱም ክፋት የላቸውም። ተደምረው ግን እኔ ላይ ነው የወደቁት።

ጋሼ የሚኖሩት ሎውሪ በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው። ሄጄ ቤታቸው አጠገብ ባለው የእግር መንገድ አብሬያቸው እየተራመድኩ ነገርኳቸው። ቆም አሉ።

«እኔ ነኝ በሕገወጥ ነገር ያስገባሁሽ?»

«አላወቁም ጋሼ።»

«እኔ የማውቀው መጠጥን ነው ልጄ» አሉኝ። «ጠርሙስ እጅ ላይ ከሌለ የለም። ይሄ ግን ምን እንደሆነ አላየሁትም። ደስ እንዲላችሁ ብዬ መሀሉን ፈለግሁ። ለካ መሀል የለውም።» ጎረቤታችን ያሉትን አስታወሱ መሰለኝ፣ መንገዱን ሳንጨርስ ወደ ቤት መለሱኝ። በእኚህ ትልቅ ሰው ፊት ላይ ያየሁት ሐፍረት እስካሁን ያሳዝነኛል።

በሳምንቱ ብቻቸውን መጡና ባለቤቴን ቁጭ አደረጉት። የሱ መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። «ጋሼ፣ ያላችሁኝን አንድ ሳላጎድል ፈጽሜያለሁ። በእጄ አልነካሁም። ሕጉ በራስህ ስም ይሁን ካለ እሺ፣ ወደ ስሜ ልመልሰው። ሕጋዊ እንሁን።»

ጋሼ እንዳይመልሰው ቢሉ ሕግ አለ፤ ይመልሰው ቢሉ የራሳቸው ቃል አለ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ከነጭራሹ ብትተወውስ?» ብለው ለመኑት። ሽማግሌ ሲለምን ማየት ደስ አይልም። ባለቤቴም ደንግጦ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እተዋለሁ አለ። ሲላቸውም ከልቡ ነበር። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሊትልተን ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። «አንዲት ብቻ» አለኝ። ለምን በራስህ አትከፍትም ብዬ ጮህኩበት። «ለሽማግሌ ቃል ገብቻለሁ! በእጄ አልነካም ብያለሁ!» አለኝ። ቀልዱን አይደለም። በእሱ ቤት እርግማኑ የሚደርሰው ለነካ እጅ ነው፤ የሰው እጅ ካገኘ ንጹሕ ነው።

ስቴቱ ራሳቸውን ከውርርድ ማገድ ለሚፈልጉ ሰዎች መዝገብ እንዳለው ልጄ ነግራኝ ነበር። ሥራ ቦታ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ሴት ንግግሬ ከብዷት ይሁን እንጃ «የአማርኛ አስተርጓሚ ላገናኝሽ?» አለችኝ። አይሆንም አልኩ። እዚህ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉሙት ሰዎች ከኛው መካከል ናቸው፤ እሁድ አጠገቤ ቆማ የምታስቀድስ ሴት ድምፅ ቢሆንስ? በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ባለቤቴን ማገድ እንደምፈልግ ነገርኳት።

እንደማይቻል ነገረችኝ፤ በትህትና፣ ሁለት ጊዜ። ሚስትም ብትሆን እናትም ብትሆን ለሌላ ሰው መፈረም አይቻልም። ሰውየው ራሱ ፈቅዶ፣ ራሱ ነው የሚመዘገበው።

«ለራሴስ?» አልኳት።

«ለራስሽ ትችያለሽ።»

ተመዘገብኩ። በውርርድ ችግር ያለብኝ መሆኔን ራሴ አረጋግጬ ፈረምኩ። በአንድ በኩል ውርደት፣ በአንድ በኩል ኩራት ተሰማኝ። ባሌን ማገድ ባልችል እጄን ማገድ ቻልኩ። አሁን ቢደውል፣ ቢያኮርፍ፣ ቢለምን ፊቴን ባሳየውም የሚከፈት ነገር የለም።

ለባለቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «ራስሽን ቁማርተኛ ነኝ ብለሽ አስመዘገብሽ?» አለ። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። «ስምሽን በመንግሥት መዝገብ ላይ ያሰፈርሽው እኔን ለማሳፈር ነው» ብሎ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ነገሩን አላነሳውም። ቀናት አለፉ፤ አላኮረፈም። ቤቱን ጠረገ፣ ተበላሽቶ የቆየውን የጋራዥ በር ሠራ። ከልጃችን ጋር በስልክ ሲሳሳቅ እሰማዋለሁ። ሃያ አንድ ዓመት የሚሞላት በዚያ ወር ነበር፤ ለልደቷ ቤት ትምጣ፣ ኬኩን እኔ አዛለሁ አለ። ለምርቃቷ ቀን ሊክሳት ነው ብዬ አመንኩ። ለጋሼም ደውዬ «የኛ ነገር ሳይሻል አይቀርም» አልኳቸው። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

የልደቷ እሁድ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ዶሮ ሠርቼ በላን፣ ሻማውን አጠፋች፣ አባቷ ግንባሯን ሳማት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እሱ ጋራዡ ውስጥ የሚያስተካክለው ነገር አለኝ ብሎ ወጣ። እኔና ልጄ ሳህን ማንሳት ጀመርን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሁንና አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር ፈለግሁ።

«ምናልባት አንድ ቀን ዳዲ እንደ እኔ አካውንት ክፈቺልኝ ቢልሽ...»

«ጠይቆኛል» አለችኝ። ሳህን እየጠረገች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት። ልደቴ ሳይደርስ።»

«ምን አልሽው?»

«ዛሬ ጠዋት ከፈትኩለት።»

በእጄ የያዝኩትን ድስት አስቀመጥኩ። «ሕገወጥ ነው ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ደንቡን አንብበሽ ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽም? ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? አብደሻል?»

ይህች ልጅ ከእኔ ጋር ስትጣላ ወደ እንግሊዝኛዋ ነው የምትሸሸው። ያን ቀን ግን አልሸሸችም። «ማሚ፣ አንቺን ተወሽ አይደል?» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታ ደውሎልሽ ያውቃል? እኔ ተማሪ ነኝ፤ እኔ ስልክ ማንሳት እችላለሁ። አንቺ ሰው እያጠብሽ ነው።»

ያ ሁሉ የቤት ጽዳት፣ የጋራዡ በር፣ በስልክ መሳሳቁ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሰላም ያልኩት ነገር ልጄ ከፍላ የገዛችልኝ ነው። እጇን ይዤ ለመንኳት። መዝገቡ እንዳለ፣ እኔ እንደተመዘገብኩት እሷም አሁኑኑ መመዝገብ እንደምትችል፣ ስልክ ቁጥሩንም እኔ እንደምሰጣት ነገርኳት። አቅፋኝ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ቁመቷ ከእኔ ስለሚበልጥ ጎንበስ ማለት ነበረባት።

«እኔም ከፈረምኩ ዳዲ ወደ ማን ይሄዳል?» አለችኝ።

በማግስቱ ወደ መዝገቡ ቢሮ በድጋሚ ደውዬ ልጄን ማገድ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ስትወለድ ያማጥኳት እኔ ነኝ ብዬ እስከ መናገር ደረስኩ። ሌላ ሰው ነው ያነሳው፤ መልሱ ግን ያው ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ በስሟ መፈረም የምትችለው እሷ ብቻ ናት።